የዓሣው መምህርና የሬንቲ ፎቶግራፍ

የባሕር በር የሌላት አገር ሰው ስለ ባሕር እንስሳት ትምህርት ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ራሴ በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝ፤ ከዓሣ ጋር ያለኝ ትውውቅም ከጾም ማዕድ አልፎ አያውቅም። ይሁንና ከሞተ 150 ዓመት ያለፈው አንድ የዓሣ መምህር ያሠራው ሥራ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ዘልቆ ዳኞችን ሲያነጋግር ስመለከት፣ የሰውየውን ሕይወት ከሥሩ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። ማንበቡን ስጨርስ ላመሰግነው ወይስ ልከሰው ግራ ገባኝ። እስቲ እናንተም ፍረዱ።

ስሙ ሉዊ አጋሲ ነው። የቴኒሱን አጋሲ ያሰባችሁ ለጊዜው ተዉት። ይኸኛው አጋሲ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ ምድር ስማቸው እጅግ ከገነነ የሳይንስ ሰዎች አንዱ ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አጋሲ በ1807 በስዊዘርላንድ ሞቲዬ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ፣ እናቱ የሐኪም ልጅ ነበሩ። እናቱ ከእሱ በፊት የወለዷቸው አራት ልጆች በሕፃንነታቸው ስለሞቱባቸው ለዚህኛው ቢሳሱለት አያስገርምም። ከቤታቸው ጀርባ የምንጭ ውሃ የሚወርድበት ትልቅ የድንጋይ ገንዳ ነበር። ልጁ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሐይቁ ዳር እየወረደ በእጁ የሚይዛቸውን ዓሦች እያመጣ እዚያ ገንዳ ውስጥ ይለቃል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብዙ ነገር ተማረ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሰውየው ትምህርት ቤት ያ ገንዳ ነው።

ቤተሰቡ ሐኪም እንዲሆንላቸው ፈለጉ። በዙሪክ፣ በሃይደልበርግና በሙኒክ ተማረ፤ በ1830ም የሕክምና ዲግሪውን ያዘ። ልቡ ግን ከዓሣው ጋር ነበር። ዲግሪውን ከመያዙ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ሁለት የባቫርያ ተጓዦች ከብራዚል ሰብስበዋቸው የነበሩ ዓሦችን የሚተነትን መጽሐፍ በላቲን ጽፎ አሳትሟል። መጽሐፉን መታሰቢያ ያደረገው በዘመኑ የእንስሳት ሳይንስ ንጉሥ ለነበረው ለፈረንሳዊው ኩቪዬ ነው። ብልህ ልጅ ነበር። ፓሪስ ሲሄድ ኩቪዬ በክብር ተቀበለው፤ ስለ ዓሣ ቅሪተ አካላት ለራሱ ሥራ ያጠራቀመውን ማስታወሻም አሳልፎ ሰጠው። ገንዘብ ባጠረው ጊዜ ደግሞ ሌላው የዘመኑ ታላቅ ሰው ሁምቦልት ደረሰለት።

በ1832 በኑሻቴል ከተማ መምህር ሆነ። ከ1833 እስከ 1843 በነበሩት አሥር ዓመታት ስለ ዓሣ ቅሪተ አካላት አምስት ጥራዝ አወጣ። በዚሁ መሐል፣ በ1837፣ የስዊስ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር አባላት ስለ ዓሣ ይነግረናል ብለው ሲጠብቁት ስለ በረዶ ነገራቸው። የአውሮፓ ሰፊ ክፍል በአንድ ወቅት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር አላቸው። ብዙዎቹ አልወደዱለትም። እሱ ግን ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ከግግሩ በላይ ባለ ትልቅ ቋጥኝ ሥር መጠለያ ሠርቶ፣ በረዶው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በየበጋው ይለካ ጀመር። በ1840 ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ግሌን ሮይ በሚባል ሸለቆ ጎንና ጎን የተሰመሩትን መስመሮች ሲያይ ከበረዶ ግግር ጋር አያያዛቸው፤ ግግሩ የሸለቆውን አፍ ዘግቶ ያቆረው ሐይቅ ዳርቻዎች ናቸው ብሎ ደመደመ። ከእሱ በፊት ቦታውን አይቶ የባሕር ዳርቻ ነው ብሎ የጻፈው ወጣት ቻርልስ ዳርዊን ይባላል፤ ዳርዊን ከዓመታት በኋላ ስህተቱን አምኗል። በነገራችን ላይ በእኛ በባሌ ተራሮችም ላይ የጥንት የበረዶ ግግር አሻራ አለ፤ ሳነቴ ላይ የቆመ ሰው በረዶው የተወውን ድንጋይ ያያል።

መጽሐፎቹ በሥዕል የተሞሉ ስለነበሩ ማሳተሚያቸው ውድ ነው። ዕዳው በረከተ፤ ትዳሩም ተናጋ። በ1846 ከፕሩሲያ ንጉሥ ባገኘው ድጋፍ ለትምህርታዊ ጉዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ እዚያው ቀረ። ቦስተን ውስጥ የሰጠው ንግግር አዳራሽ ሞልቶ የሚያፈስ ሆነ። እንግሊዝኛው ገና የተሰባበረ ነበር፤ ቃል ሲጠፋው ጠመኔ አንስቶ በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንስሳውን ከእንቁላሉ ጀምሮ እስኪያድግ ድረስ ይሥለዋል። ሕዝቡ ከንግግሩ ይልቅ የሚያየው ጠመኔውን ነበር ይባላል። ሃርቫርድ ወዲያው ወሰደው። የመጀመሪያ ሚስቱ አውሮፓ ውስጥ በ1848 ስትሞት፣ በ1850 ከቦስተን ትልቅ ቤተሰብ የምትወለደውን ኤልዛቤት ኬሪን አገባ። ለዚህ ትዳር ሳይንስ ብዙ ባለዕዳ ነው፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

በሃርቫርድ አንድ ወጣት የነፍሳት ሳይንስ ለመማር ወደ አጋሲ ይመጣል። ሳሙኤል ስከደር ይባላል፤ ኋላ በቢራቢሮ ጥናት ስሙ የተጠራ ሰው ነው። አጋሲ ከአልኮል ማሰሮ ውስጥ አንድ የሞተ ዓሣ አውጥቶ በሳህን ላይ አኖረለትና እይው ብሎት ወጣ። ልጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚታየውን ሁሉ አየሁ ብሎ መምህሩን ቢፈልግ የለም። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ሌላም ሰዓት አለፈ። አጉሊ መነጽር መጠቀም ክልክል ነው፤ ማንኛውም መሣሪያ ክልክል ነው። ያለው ሁለት እጁ፣ ሁለት ዓይኑና ያ የሚሸት ዓሣ ብቻ። ጣቱን በጉሮሮው ከትቶ የጥርሱን ስለት ፈተሸ። በየረድፉ ያለውን ቅርፊት ይቆጥር ጀመር፤ ሰለቸው። በመጨረሻ ዓሣውን ልሣለው አለ። መሣል ሲጀምር እስከዚያች ደቂቃ ያላያቸው ነገሮች መታየት ጀመሩ። መምህሩ ሲመለስ እርሳስ መያዙን አይቶ ደስ አለው፤ ያየውን ሲነግረው ግን አላረካውም። ዓይንህ ሥር ያለውን ዋናውን ነገር አላየህም፣ እንደገና እይ ተባለ።

ልጁ ሌሊቱን ዓሣው ሳይኖር ስለ ዓሣው ሲያስብ አደረ። በማግስቱ ጠዋት የደረሰበት መልስ ምን ይመስላችኋል? ዓሣው ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ አካላቱ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አለቀ። አጋሲ ተደሰተ። ታዲያ ቀጥሎ ምን ልሥራ ቢለው ያው ዓሣህን እይ አለው። እንዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን የዚያው ወገን የሆነ ሌላ ዓሣ ከጎኑ ተቀመጠለትና በሁለቱ መካከል ያለውን አንድነትና ልዩነት እንዲያወጣ ተጠየቀ፤ ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ የዘመዶቻቸው ሁሉ ማሰሮ ጠረጴዛውን ሞላው። የዓሣው ትምህርት ስምንት ወር ፈጀ። ስከደር ይህንን በ1874 ጽፎ ያወጣው ሲሆን ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የድርሰት ትምህርት ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳነበበው መቁጠር ያስቸግራል።

እንደ እኔ ሕግ የተማረ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። ተማሪ ሳለን መምህራችን የፍርድ ጉዳይ አባዝቶ ያድለንና መርሁን ሳይነግረን ይቀመጣል። እኛ ስናምጥ እሱ ያያል። ይህ የማስተማር ዘዴ የተወለደው በዚያው በሃርቫርድ፣ በ1870 የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን በሆነው በላንግዴል እጅ፣ ከአጋሲ ቤተ መዘክር ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ላንግዴል ራሱ ለሕግ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ማለት ለእንስሳት አጥኚው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ማለት እንደሆነ ተናግሯል። የአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲኑ አሜሪካዊ ስለነበሩ ከዚያ ማዕድ ለእኛም ደርሶናል። ለዚህ ነው ከዓሣው ጋር ዝምድና ያለኝ የሚመስለኝ።

አጋሲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም። የማሳቹሴትስ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በየገጠሩ ለሥልጠና ሲሰበሰቡ እየሄደ ያስተምራቸው ነበር። አንድ ጊዜ ትምህርቱ ስለ ፌንጣ ሆነ። ሰውየው በሕይወት ያሉ ፌንጣዎች አስለቅሞ መጣና ለእያንዳንዱ መምህር በእጁ አስያዘው። አዋቂ ሰው ፌንጣ ይዞ ሲቀመጥ አስቡት፤ ከወዲህ አንዱ ያመልጣል፣ ከወዲያ ሌላው ይዘላል፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም ስለ እግሩ ሲነገር እግሩን፣ ስለ ክንፉ ሲነገር ክንፉን ያያል። ፌንጣ በነፃ የሚገኝ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ የለንም እያሉ ባዮሎጂን በቃል ለሚያስጠኑ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይህ መላ መልስ ይመስለኛል።

ኤልዛቤትን እዚህ ላይ ላንሳ። የባሏ ዕዳ ቤቱን ሲያስጨንቀው በ1855 በቤታቸው ውስጥ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ እስከ 1863 ቆየ። አጋሲ ራሱ በየቀኑ ያስተምራቸው ነበር። በዘመኑ ለሴት ልጅ የጥልፍና የፈረንሳይኛ ትምህርት በቂ ነው በሚባልበት ከተማ፣ እነዚህ ልጆች ከሃርቫርድ ፕሮፌሰር አፍ የተፈጥሮ ታሪክ ሰሙ። ኤልዛቤት የባሏን ንግግር በማስታወሻ ትይዝ ነበር። በ1859 ለልጆች የሚሆን የመጀመሪያ የተፈጥሮ ታሪክ ትምህርት ጽፋ አወጣች፤ ስለ አኔሞኒ፣ ስለ ኮራል፣ ስለ ጄሊፊሽ፣ ስለ ኮከብ ዓሣና ስለ ባሕር ጃርት የሚያወጋ ቀለል ያለ መጽሐፍ ነው። በ1865 ደግሞ ከእንጀራ ልጇ ከአሌክሳንደር ጋር ሆና በባሕር ዳር የሚገኙ እንስሳትን በሥዕል የሚያሳይ ሌላ መጽሐፍ አሳተመች። ይህች ሴት ኋላ ለሴቶች የተቋቋመው የራድክሊፍ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሆናለች። በባልና ሚስቱ መካከል ማን መምህር ማን ጸሐፊ እንደሆነ ለመለየት የሚቸገር ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይስማማል።

የሰውየው የማስተማር ሥራ ጫፍ ላይ የደረሰው ሊሞት አምስት ወር ሲቀረው ነው። በ1873 ጆን አንደርሰን የተባለ የኒውዮርክ የትምባሆ ነጋዴ ፔኒኪስ የምትባል ትንሽ ደሴት ከ50 ሺሕ ዶላር ጋር ሰጠው። ደሴቲቱ በማሳቹሴትስ ባዛርድስ ቤይ ውስጥ ያለች፣ ድንጋይና ሣር ብቻ የሆነች መሬት ናት። አጋሲ ለትምህርት ቤት መምህራን የክረምት ትምህርት ሊሰጥባት ቆረጠ። ተማሪዎቹ ሊመጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀር ሄዶ ቢያይ ማደሪያው አላለቀም፣ ለመማሪያ የታሰበው የከብት ጋጣ ወለል እንኳ የለውም። የቄስ ልጅ ነው፤ ቢሆንም አናጢዎቹን ሰብስቦ በሰንበት እንዲሠሩለት ለመናቸው፤ እነሱም እሺ አሉት። ሐምሌ 8 ቀን ተማሪዎቹ በጀልባ ደረሱ። ከ40 በላይ ናቸው፤ ከመካከላቸው ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ይህ በ1873 መሆኑን አትርሱ።

የጋጣው በሮች ተከፍተው፣ በጣሪያው ሥር ጎጆ የሠሩ ወፎች ከተማሪዎቹ ራስ በላይ እየገቡና እየወጡ ትምህርቱ ተጀመረ። አጋሲ ከመናገሩ በፊት ሁሉም በየልባቸው በዝምታ እንዲጸልዩ ጠየቀ። ባርነትን በብዕሩ ሲዋጋ የኖረው ባለቅኔው ዊቲየር ይህችን የዝምታ ደቂቃ አስመልክቶ ግጥም ጽፎላታል። የዊቲየርን ስም ያዙልኝ፤ ከጥቂት አንቀጾች በኋላ ለምን እንዳነሳሁት ይገባችኋል።

በፔኒኪስ የመማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። የእነዚያ መምህራን ሥራ ባሕሩ ወደኋላ ሲሸሽ ከዓለቱ ሥር የቀረውን መልቀም፣ በውሃ ገንዳ ውስጥ በሕይወቱ ማኖር፣ ማየት፣ መሣል፣ ከዚያም በቢላ ከፍቶ ውስጡን መመርመር ነበር። አንድ የቦስተን ሰው በሰጠው ጀልባ ወደ ጥልቁ እየወጡ መረብ ጥለው ከባሕሩ ወለል ላይ የሚኖረውን ይጎትታሉ። ጄሊፊሽን ከውሃ አውጥቶ ሳህን ላይ ያስቀመጠ ሰው የሚያየው ቅርጽ የሌለው ዝልግልግ ነገር ነው፤ በብርጭቆ ገንዳ ውስጥ ተንሳፎ ሲተነፍስ የሚመስለውን እንቅስቃሴ ያየ ግን እንስሳ መሆኑን ለማመን አይቸገርም። የኮከብ ዓሣን ገልብጦ ከሥሩ ያሉትን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እግሮች ሲንቀሳቀሱ ያየ መምህር፣ መስከረም ላይ ክፍሉ ሲመለስ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ አያስጠናም። የአጋሲ ሐሳብም ይኸው ነበር፤ ከመምህራኑ የሚጠብቀው እንዲሸመድዱ ሳይሆን ወደየከተማቸው ተመልሰው ሌላውን ማየት እንዲያስተምሩ ነው። ምሽት ምሽት እሱ ራሱ ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። ታሟል፣ ደክሟል፤ ሐኪሞቹም እንዲያርፍ መክረውታል።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ዴቪድ ስታር ጆርዳን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሆነ። የመጀመሪያ ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ደሴት ላይ ነው። በተከታዩ ዓመት የተማረው ቻርልስ ዊትማን በ1888 በዉድስ ሆል የተከፈተው ዛሬም ያለው የባሕር ሕይወት ላቦራቶሪ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። ደሴቲቱ ራሷ ከ1874 ክረምት በኋላ ተዘጋች። አጋሲ በታኅሣሥ 14 ቀን 1873 ሞተ፤ ልጁ አሌክሳንደር ሥራውን ለአንድ ክረምት ብቻ ገፋበት። ከ1905 እስከ 1921 ፔኒኪስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማግለያ ሆና ነበር።

እስከዚህ ያለውን ብቻ ይዤ ብጨርስ ጥሩ የመምህራን ቀን ንግግር ይወጣዋል። ግን የቀረ ነገር አለ።

አጋሲ አሜሪካ በደረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1846 መጨረሻ፣ ፊላደልፊያ ባረፈበት ሆቴል የሚያስተናግዱት ጥቁሮች ነበሩ። እስከዚያ ቀን በዚህ ቅርበት ጥቁር ሰው አላየም። ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ፊታቸው፣ እጃቸው፣ ጸጉራቸው እንዴት እንዳስጠላው፣ ምግቡን ከእጃቸው መቀበል እንዴት እንደከበደው ዘረዘረ። የሰው ዘር ከአንድ ግንድ አልወጣም የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ እየጠነከረበት ሄደ። ልብ በሉ፤ ዓሣን ለማወቅ ስምንት ወር የሚያስቀምጥ መምህር ሰውን ለማወቅ አንድ የእራት ሰዓት በቃው።

በመጋቢት 1850 የአሜሪካ ሳይንስ ማኅበር በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ከተማ ሲሰበሰብ አጋሲ ተነሥቶ ዘሮች ለየብቻ የተፈጠሩ ናቸው የሚለውን ወገን ደገፈ። በባሪያ ጉልበት የሚኖር ከተማ ይህንን ከሃርቫርድ ፕሮፌሰር አፍ ሲሰማ ምን ያህል እንደተደሰተ መገመት አያዳግትም። ከዚያ ወደ ኮሎምቢያ ከተማ ሄዶ በአካባቢው እርሻዎች ያሉትን ባሮች ተመለከተ። የሚያስተናግደው ዶክተር ጊብስ የተባለ ሐኪም ነው። አጋሲ የመረጣቸውን ሰዎች ምስል ጊብስ ዚሊ በተባለ ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ አስነሥቶ ላከለት። በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የተነሡ፣ በዘመኑ ዳጌሮታይፕ የሚባሉ 15 ምስሎች ናቸው። ሰዎቹ ሰባት፤ ስማቸው አልፍሬድ፣ ዴሊያ፣ ድራና፣ ፋሴና፣ ጃክ፣ ጄምና ሬንቲ። ልብሳቸውን አስወልቀው ከፊት፣ ከጎን፣ አንዳንዶቹን ከኋላም አነሷቸው። ልክ በሳህን ላይ እንዳለው ዓሣ።

ሬንቲ ከኮንጎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ዴሊያ ልጃቸው ናት፤ አባቷ በተቀመጡበት ወንበር እሷም ደረቷ ተራቁቶ ተቀመጠች። በእኛ ቋንቋ ሽበት ያለው ሰው አንተ አይባልም። ስለዚህ እስካሁን ፕሮፌሰሩን አንተ እያልኩ ሬንቲን አንቱ ብል አንባቢ ቅር እንዳይለው፤ ሆን ብዬ ነው። ምስሉ ዛሬ በብዙ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሬንቲ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ያያሉ፤ ፊታቸው የከሳ፣ ዓይናቸው የማይርገበገብ ነው። አጋሲ ይህንን ምስል ይዞ ምን እንዳየበት ብዙ አስቤያለሁ። መጀመሪያ ማየት የነበረበትን፣ ያን ወጣት አንድ ቀን ሙሉ ያስጨነቀውን ነገር እንኳ አላየም። ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ አካላቱ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ እንደ እናቱ፣ እንደ አባቱ፣ እንደ ራሱ።

የዘመኑ ሰው ስለሆነ አትፍረድበት የሚሉ አሉ። ይህንን መከራከሪያ አልቀበለውም። ለምን ቢባል፣ ዊቲየር የዚያው ዘመን፣ የዚያው ክፍለ ሀገር ሰው ነው። ዳርዊንም በሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያንሰው፤ ባርነትን አጥብቆ ይጠላ ነበር። አጋሲ ራሱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን ወገን ቆሟል፤ በ1861 ዜግነቱን ወስዷል። ነገር ግን በ1863 የነፃ ወጪዎችን ጉዳይ የሚያጠናው የመንግሥት ኮሚሽን አባል የሆነው ሳሙኤል ሃው ምክር ሲጠይቀው፣ ባርነቱ ይቅር፣ ማኅበራዊ እኩልነት ግን ሊሰጣቸው አይገባም፣ ከነጭ ጋር መዋለድም መከልከል አለበት የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። አንድ ሳይንቲስት ለመንግሥት የሚሰጠው ምክር እንደ ዓሣ ጥናት አይደለም። በሰው መብት ላይ የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ የሐሰት ምስክር ደግሞ በየትኛውም ሕግ ያስጠይቃል።

በ1859 የዳርዊን መጽሐፍ ወጣ። በዚያው ዓመት አጋሲ በሃርቫርድ ትልቁን የእንስሳት ቤተ መዘክር አቋቋመ። መደርደሪያዎቹ ለዝግመተ ለውጥ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ሞልቷቸው ሳለ፣ ባለቤታቸው እስኪሞት ድረስ ዝግመተ ለውጥን ተቃወመ። በ1865 ወደ ብራዚል ሲዘምትም ዓሣ ከመሰብሰብ ጎን ለጎን የማናውስን ሰዎች ፎቶግራፍ ያስነሣ ነበር። አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ግን አለ። ተማሪዎቹ በስተኋላ አንድ በአንድ ማለት ይቻላል ወደ ዳርዊን ወገን ተሻገሩ፤ ልጁ አሌክሳንደርም ጭምር። መምህሩ እዩ ብሏቸው ስለነበረ አዩ። ይህ ማለት ግን ሁሉን አዩ ማለት አይደለም። ያ ጆርዳን የሚባለው የፔኒኪስ ተማሪ ሰውን እንደ ከብት አማርጦ የማራባት ሐሳብ ዋና አቀንቃኝ ሆኖ፣ ስታንፎርድ በ2020 ስሙን ከሕንፃው ላይ እንዲነሣ ወስኗል። በዚያው ግቢ የነበረው የአጋሲ ሐውልት በ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከፎቅ ወድቆ በራሱ መሬት ውስጥ ተተክሎ እንደነበረም ለታሪክ ያህል ልንገራችሁ። ያስተማረባት ኑሻቴልም ስሙን ከአንድ አደባባይ አንሥታ በ2019 ለቲሎ ፍሬይ ሰጥታዋለች፤ ለስዊስ ፓርላማ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷና የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት።

ምስሎቹ ለረጅም ዘመን ተረስተው ኖሩ። በ1976 በሃርቫርድ የፒቦዲ ቤተ መዘክር ጣሪያ ሥር ካለ ዕቃ ቤት ተገኙ። ከዚያ በኋላ የሬንቲ ዘር ነኝ የምትል አንዲት ሴት ምስሎቹ ለቤተሰቡ ይመለሱ ብላ በ2019 ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰች። የከሳሽ ክርክር ቀላልና ከባድ ነው። አንድ ሰው በግዳጅ ተራቁቶ የተነሣው ምስል የማን ነው? ሥር ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። በሰኔ 2022 የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የባለቤትነቱን ጥያቄ አልተቀበለም፤ በዚያ አገር ሕግ የተነሣው ሰው በፎቶው ላይ የንብረት መብት የለውም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው የሴትዮዋን አቤቱታ ያስተናገደበት መንገድ ላደረሰባት የመንፈስ ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል ብሎ መዝገቡን ከፈተ።

እኔ የውሳኔውን የመጀመሪያ ክፍል ሳነብ የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ትዝ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም፣ ማባዛትም፣ መሸጥም አይቻልም ይላል። ከንብረት ምዕራፍ ያልተገኘው መፍትሔ ከሰው መብት ምዕራፍ ይገኛል። ዳጌሮታይፑ የማን ንብረት ነው ብሎ መጠየቅ ሬንቲን እንደገና የዕቃ ክርክር ውስጥ ማስገባት ነው። ጥያቄው የሬንቲ ፈቃድ የት አለ ቢሆን ኖሮ መልሱ ባልጠፋ ነበር። የኛ ሕግ ተግባር ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ጉዳዩ ፍርድ ሳያገኝ በግንቦት 2025 በስምምነት አለቀ። ሃርቫርድ 15ቱንም ምስሎች አሳልፎ ሊሰጥ ተስማማ። እንዲሄዱ የታሰበው በ2023 ወደተከፈተው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ አሜሪካውያን ቤተ መዘክር ነው። ቤተ መዘክሩ የተሠራው ከአፍሪካ በመርከብ የተጫኑ ሰዎች ይወርዱበት በነበረ የባሕር ወደብ ላይ ሲሆን፣ ከተማውም በ1850 አጋሲ ተነሥቶ የተናገረበት ቻርልስተን ነው።